የልብስ ሰፊው ወባ

ሰው በታመመ ቁጥር ጠያቂ ሁሉ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ዋዛ ጣል የሚያደርጋት አንዲት ምሳሌ አለች። ተናጋሪው ትልቅ ምክር የለገሰ ይመስለዋል፣ በሽተኛውም ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ እህሉ ይዞራል። እንዲህ ቀልላ የምትነገረው መነሻዋን የሚያውቅ ሰው ስላነሰ ነው። ከጥንትም ነበረች ብሎ የሚሟገት አይጠፋም፤ ይሟገት። በእኛ በኩል ግን የመጣችው ከግራር አምባው ልብስ ሰፊ፣ ከዘውገ ወባ ነው ይባላል። ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎችም ከዘውገ ይልቅ የሚስቱን የእቴነሽን ስም ያነሳሉ፤ ጭንቁን ሁሉ የተሸከመችው እሷ ነበረችና።

ዘውገ ካባ ሰፊ ነበር። በዚያ ወረዳ ሙሽራ የሚዳረው፣ ካህን ለጥምቀት የሚደምቀው በእሱ ጥልፍ ነው። የወርቁን ክር በመርፌ ዐይን ሲያሾልክ ትንፋሹን ይይዛል፤ አጠገቡ የቆመውም ሰው ሳያውቀው አብሮት ትንፋሹን ይይዝ ነበር አሉ። ጠባዩም እንደ እጁ የተስተካከለ ነው። የተጣላ ያስታርቃል፣ ለቅሶ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። አንድ ዓመት ለጥምቀት ሥራ በዝቶበት ጣቶቹ ሲዝሉ አንድ ወዳጁ «እስቲ በጠዋት አንዲት መለኪያ አረቄ ሞክርበት፤ ጅማት ያፍታታል» አለው። ሞከረ፤ እውነትም አፍታታለት። በዓሉ አለፈ፣ መለኪያዋ ግን አላለፈችም። አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቱ ጠርሙስ ሆኑ፤ በሁለተኛው ዓመት ዘውገ ጠዋት ሳይቀምስ መርፌ መያዝ ቀርቶ የገዛ ሸሚዙን መቆለፍ የማይችል ሰው ሆነ።

እንደ ሌላው ሰካራም አይዘፍንም፣ አይሳደብም፣ ቦይ ውስጥ ወድቆ አይገኝም። ጠርሙሱን የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ቀብሮ ጎንበስ ሲል ይጎነጫል፣ ቀና ሲል ይሰፋል። እቴነሽ ጆንያውን ታውቀዋለች። ጨርቁን ስታራግፍ ጠርሙሱን ታገኘውና መልሳ በጨርቅ ትሸፍነዋለች። ባልና ሚስት አንድን ነገር እያወቁ አለማወቅ ሲችሉበት ለጉድ ነው።

ዝም ብላ የተቀመጠች ግን አይምሰላችሁ። ጠበል ልትወስደው አስባ ነበር። ነገር ግን ጠበል ቦታ ሰው ሲጠመቅ ይለፈልፋል፤ አገር በቆመበት «አረቄ ነኝ» ብሎ ቢለፈልፍስ? ለንስሐ አባታቸው ልትነግር አሰበች፤ እሳቸው ደግሞ በየወሩ ማኅበሩን ከዘውገ ጋር ነው የሚጠጡት፣ በምን ዐይን ያዩታል? ወረዳው ከተማ ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ ደግሞ ካርድ ጸሐፊው በር ላይ ቆሞ የበሽተኛውን ስም ከነሕመሙ ይጣራል አሉ፤ ገበያተኛው ሁሉ የሚያልፈው በዚያ በር ነው። እንዲህ እንዲህ እያለች ከአንዱ ፍርሃት ወደ ሌላው ስትዘዋወር ዓመታት አለፉ።

ይህ እንዳለ የልጃቸው የየሻረግ ነገር መጣ። ከወንዝ ማዶ የሚኖሩት ግራዝማች ሙላት ለልጃቸው ሊጠይቋት ሽማግሌ ላኩ። ጥሩ ቤት ነው፣ ልጁም ጨዋ ነው፣ የሻረግም ስሙ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በዚያ አገር ታዲያ ሽማግሌ የሚላከው ልጅቱን ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ለማየት ጭምር ነው። ዘር ይቆጠራል። «ለምጽ አለ ወይ? የሚጥል አለ ወይ? መጠጥ የጣለው አለ ወይ?» እየተባለ በጎረቤት፣ በአበልጅ፣ በውኃ ቀጂ ሳይቀር ይጠየቃል።

አንድ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሳይታሰብ ሱቁ ድረስ መጡ። ዘውገ ገና አልቀመሰም። እጁ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፣ ጥርሶቹ ይንገጫገጫሉ።

«ምነው አቶ ዘውገ፣ ምን ነካዎት?» አሉ አንደኛው ደንግጠው።

ዘውገ መልስ ፍለጋ ወደ ጆንያው አየ። እቴነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «ወባ ነው!» አለች። «ክር ሊገዛ ቆላ ወርዶ ይዞት መጣ!»

ቃሉ ካፏ የወጣው ሳታስበው ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን ልቧ ተንፈስ አለ። ወባ የጨዋ በሽታ ነው። ንጉሡንም ለማኙንም ይይዛል፣ ማንም አያፍርበትም። ሽማግሌዎቹም «ይማርዎ፣ ይማርዎ» ብለው ሄዱ።

ክፋቱ ወባ ጠያቂ አለው። ወሬው በተሰማ ሰዓት መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ከሁሉ ፊት የመጡት መሪጌታ ልሳኑ ነበሩ፤ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ፣ ደግ ሰው፣ ግን የያዙትን የማይለቁ። ዘውገን ዐይኑን ገልጠው አዩና «የቆላ ወባ ነው፣ አልሳሳትም» አሉ። «ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ፣ ማር ጠብ አድርገሽ፣ በንጹሕ አረቄ ዘፍዝፈሽ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ስጪው።»

«በ... በአረቄ?» አለች እቴነሽ።

«ታዲያ በምን? በወተት ወባ ሲሞት አይተሻል?»

ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እቴነሽ አልሳቀችም። አይሆንም ማለት ትችላለች፣ ግን ለምን ብትባል ምን ትላለች? ወደ ባሏ አየች፤ እሱም ወደ እሷ አየ፤ ከዚያ ሁለቱም ዐይናቸውን ሰበሩ። መሪጌታ በእጃቸው ቀምመው አጠጡት። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ላቡ ደረቀ፣ ፊቱም ደም መሰለ።

«አያችሁ!» አሉ መሪጌታ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «ሥራዬን ዐውቃለሁ እኮ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘውገ አረቄ ከጆንያ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በየማለዳው ወባው ይነሳል፣ በየማለዳው መድኃኒቱ ይሰምራል። ወባው ሲጠና መሪጌታ መጠኑን ይጨምራሉ። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዷ በጠርሙስ፣ አንዷ በቅል «ለወባው» እያለች አረቄ ይዛ ትመጣለች። መቼም የግራር አምባ ሰው ሞኝ አይደለም፤ የወባ ሰው አፍ እንዲያ እንደማይሸት የሚያውቁ ነበሩ። ግን «እቴነሽ ወባ ካለች ወባ ይሁንላት፤ የሰው ገመና ምን አስገለጠን» እያሉ የያዙትን አስቀምጠው ሄዱ። ባንድ ሰው ላይ መንደር ሙሉ እንዲህ ደግ ሲሆንበት መድረሻ የለውም።

በሦስት ወር ውስጥ የዘውገ ዐይን ነጩ ቢጫ ሆነ። እህል ሲያይ ያቅለሸልሸዋል፣ እግሩ ከስቶ ሆዱ ይነፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ የየሻረግን የቃል ማሰሪያ ቀሚስ ጥልፍ ጀምሮ መጨረስ አቅቶት ጨርቁን ጭኑ ላይ አስቀመጠውና «እቴነሽ» አለ።

«ወይ።»

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ልንገራቸው? እውነቱን።»

ይህን ቃል አምስት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች። አሁን ሲመጣ ግን ልቧ ላይ የወደቀው ደስታ አልነበረም። በዐይነ ኅሊናዋ የታየቻት የሻረግ ናት፣ ከዚያ ግራዝማች፣ ከዚያ በር ላይ ቆሞ የሚጣራው ካርድ ጸሐፊ።

«ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሠኝ» አለችው። «የልጅቱ ቃል ይታሰር። ከዚያ እኔው ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ። ሁለት ሳምንት ምን አላት?»

«እውነትሽን ነው» ብሎ ዘውገ ጨርቁን አነሣ። ሁለተኛም አልጠየቃትም።

የቃል ማሰሪያው ቀን ደረሰ። ግራዝማች ሙላት ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ እንደ ወጉ አማች ከአማች ይሳሳማል። እቴነሽ ሌሊቱን ስታስብ ያደረችው ይህን መሳሳም ነበር። አፉ ይሸታቸዋል። ስለዚህ በማለዳ ተነሥታ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ሰብስባ ጎረቤት ቤት ደበቀች፤ ጆንያውንም አራገፈች።

«ለዛሬ ብቻ» አለችው። «እስኪሄዱ። በእኔ ሞት።»

«እሺ» አለ። ከንፈሩ ደርቋል። ነጭ ልብሱን ያለበሰችው፣ ቁልፉንም የቆለፈችለት እሷ ናት። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር መንቀጥቀጡ ከእጁ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ አገጩ ወጣ። ግድግዳው ላይ የማይታይ ነገር በዐይኑ ይከተል ጀመር። ጠርሙሱን ላምጣለት ብላ እስከ በሩ ደርሳ ነበር፤ እንግዶቹ ግን ከአጥሩ ገቡ።

ዘውገ እንግዳ ሊቀበል ተነሣ። ግራዝማች እጃቸውን ዘርግተው «እንደምን አደሩ አማቼ» ከማለታቸው ዐይኑ ተገለበጠና እፊታቸው ወደቀ። ጥርሱ ተነካክሶ መሬት ላይ ይንፈራገጥ ጀመር። አንዱ ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ከሽማግሌዎቹ መካከል «የሚጥል ነው እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ፤ እቴነሽም ሰማችው።

«ወባ ነው!» ብላ ጮኸች። «ራሱ ላይ ወጥቶበት ነው! ወባ ነው!»

መሪጌታ ልሳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለማቸው ጠፋ። «ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ወደ መርፌ ውሰዱት» አሉ። ቃሬዛ ታሰረ። ወረዳው ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በአገሩ ወግ ቃሬዛ ያገኘ ሰው የሄደበትን ትቶ ትከሻውን ያበድራል፤ በየመንገዱም ያገኛቸው ሁሉ «ማን ነው? ምን ነካው?» እያለ ገባበት። ተሸካሚውም «ዘውገ ልብስ ሰፊው ነው፣ ወባ ራሱ ላይ ወጥቶበት» ይላል። ግራዝማች ሙላት አልተመለሱም፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው በመንገዱ ሁለት ጊዜ ተሸከሙ። እቴነሽ ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች የተንጠለጠለች እጁን ይዛለች። እጁ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትንቀጠቀጣለች። በቆመች ቁጥር ሞተ ትላለች፣ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ደግሞ ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ ትላለች። «ወባ ነው» የሚለውን ቃል በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እግዜር ይወቀው፤ ከእሷ የወጣው ቃል በሰው ሁሉ አፍ ሆኖ ፊት ፊቷን ይሄድ ነበር።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ካርድ ጸሐፊው እንደተባለው ቆሟል። «ስም? ሕመም?» ከማለቱ ሃያ ሰው ባንድ ድምፅ «ወባ!» አለው። እሱም ጻፈ።

ውስጥ ያለው ሐኪም ወጣት ድሬሰር ነበር፤ በዚያ ዘመን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። የዘውገን ክንድ ያዘ፣ ዐይኑን ገለጠ፣ ፊቱን ቋጠር አደረገ። ወረቀቱን ደግሞ አየ። «ወባ ራሱ ላይ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። ከብርጭቆ ብልቃጥ መድኃኒት ወደ መርፌው ሳበ።

«ይህ መርፌ ኃይለኛ ነው» አለ። «ልብ ይጫናል። ከወባ ሌላ ሕመም አለበት? የሚወስደው ነገርስ?»

«ከእኔ መድኃኒት በቀር ምንም» አሉ መሪጌታ።

ድሬሰሩ ወደ ተሸካሚዎቹ አየ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። የሚያውቁትም የማያውቁትም ዝም አሉ፤ ለእቴነሽ ሲሉ ዝም አሉ። ግራዝማች ሙላት ከበሩ ጥግ ቆመው በዐይናቸው የሚያዩት እሷን ነው፣ ሌላ ሰው አያዩም። እቴነሽ አፏን ከፈተች። የሻረግ ታየቻት፣ ያልተጨረሰው ቀሚስ ታያት፤ አፏን መልሳ ዘጋች። ድሬሰሩ የዘውገን እጅጌ ጠቅልሎ ክንዱን በጥጥ አበሰ። ዘውገ ዐይኑን ገርበብ አደረገ፤ እሷን ይሁን ግድግዳውን የሚያየው አልታወቀም።

«ቆይ!» አለች።

መርፌው አየር ላይ ቀረ።

«ወባ አይደለም። ወባ ይዞት አያውቅም። አረቄ ነው። አምስት ዓመቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ከለከልኩት፣ አማቾቹ እንዳይሸታቸው ብዬ ከለከልኩት። ይኸው ነው። ስወድህ ገደልኩህ ልበለው እንግዲህ!»

ተናግራ ስትጨርስ ቃሬዛው አጠገብ ተቀመጠች። መሪጌታ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ሦስት ወር ሙሉ! በገዛ እጄ ሳጠጣው!» አሉ።

«እርስዎ ምን ያድርጉ አባቴ» አለች እቴነሽ። «የነገርኩዎትን ነው ያከሙት።»

ድሬሰሩ መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «እናቴ፣ አረቄ ባንድ ቀን ሲቋረጥበት እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። «ይህም ሕመም ነው፣ መታከሚያ አለው። ከዚህ ከተኛ እጠብቀዋለሁ። ያን መርፌ በዚህ ሰውነት ላይ ወግቼው ቢሆን ግን...» አልጨረሰውም። ሰዉን ከክፍሉ አስወጣና ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ከፈተ።

ሁለት ቀን ሊሞት ነው፣ ሊተርፍ ነው ሲባል ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘውገ ዐይኑን ገልጦ «እቴነሽ፣ ተናገርሽ?» አለ።

«ተናገርኩ» አለችው። «ሰው በሞላበት።»

እንባው በጆሮ ግንዱ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ውኃ ጠየቀ። ባንድ ጊዜ ዳነ ብላችሁ አታስቡ። በኋላ ሁለቴ ወድቆ ሁለቴ ያንኑ በር አንኳኩቷል፤ ያን ጊዜ ግን ካርድ ጸሐፊው «ሕመም?» ሲለው መልሱን የሰጠው ራሱ ዘውገ ነበር።

እቴነሽ ውኃውን አጠጥታው ስትወጣ ግራዝማች ሙላት ከጤና ጣቢያው ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሦስቱንም ቀን ዘመድ ቤት እያደሩ ይመላለሱ ነበር። የሚሉት ነገር ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሳይናገሩ የማይሄዱ። ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ጌታዬ» አለች፤ «የልጆቹ ነገር ይቅር ቢሉ አልቀየምም። ዋሽቼዎታለሁ። ልጄ ግን ምንም አታውቅም፣ በእሷ አይፍረዱባት።»

«ተቀመጪ እህቴ» አሉ። ተቀመጠች።

«ልጆቹን ማን አነሣቸው?» አሉ። «ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ዳኘው ይባላል። ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። በዚያች በር ነው እኛም በቃሬዛ ያስገባነው። ያኔ ሌላ ሐኪም ነበር። ምን ነካው ብሎ ጠየቀን። አራት ወንድማማች ቆመን ነበር፣ አራታችንም አረቄ እንደጣለው እናውቃለን። ታላቃቸው እኔ ነኝና ሁሉም እኔን እኔን አዩ። እኔም የአባቴን ስም አሰብኩ፣ ማዕረጌን አሰብኩና ወባ ነው አልኩ። ሐኪሙ ምን ያድርግ? የነገርነውን አምኖ ወጋው። እጄ ላይ ነው ያለፈው። ለቅሶው ላይ አገር ወባን ሲረግም እኔም አብሬ ረገምኩ።»

ግራዝማች ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ።

«ከትናንት ወዲያ ያ ልጅ መርፌውን ሲያነሣ ዐውቄአለሁ። አንቺን ሳይሽ ሁሉ ገባኝ። ግን ያን ዕለትም አፌ አልተላቀቀም፤ ቆሜ ያንቺን አፍ ጠበቅሁ። እኔ ወንድሜን የነፈግሁትን ቃል አንቺ ለባልሽ አልነፈግሽም።» ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ በሩ፣ ቃሬዛቸውን አስቀምጠው ተራቸውን ወደሚጠብቁት ሰዎች አዩ። «ቃላችን እንደታሰረ ቁጠሪው። ወደ ቤት ስንመለስ ባልሽን ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ ምን ሆኖ ነበር ማለቱ አይቀርም፤ ወባ እንዳትይ፤ እኔም ስለ ዳኘው ለሚጠይቀኝ ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»